ጥላሸት፣ ነቀርሳና መዝገብ፦ ከጭስ ማውጫ ጠራጊዎች እስከ ዋጃ ሜዳ

ዋጃ ከቆቦ ወደ አላማጣ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና ላይ፣ በራያ ሜዳ የምትገኝ ከተማ ናት። የአካባቢው ገበሬ የሚተማመንበት ዋናው ሰብል ማሽላ ነው። እህሉ ለእንጀራ፣ አገዳው ለከብት መኖና ለማገዶ ይውላል። በመከር ወራት ሜዳው በደረቀ አገዳና በእህል ክምር ሲሞላ፣ ከአንድ ምድጃ ያመለጠ ፍንጣሪ የአንድን ቤተሰብ የዓመት ጉሮሮ ለመዝጋት ይበቃል። እንዲህ ያለ አደጋ በገጠር ሲደርስ የሚሰማው የመኪና ደወል ሳይሆን ኡኡታ ነው። ኡኡታውን የሰማ ሁሉ ቅጠል ቆርጦ፣ አፈር ዝቆ፣ ውኃ በጀሪካን ተሸክሞ ይሮጣል። እሳቱ ከጠፋ በኋላም እያንዳንዱ ጥላሸቱን እንደ ለበሰ ወደ ቤቱ ይገባል። በማግሥቱ የተቃጠለው እህል ስንት ኩንታል እንደ ነበረ ይነገራል፤ የተሳበውን ጭስ ግን ማንም ወደ ሒሳብ አያስገባውም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያ ወደ ሒሳብ ያልገባው ጭስ በዓለም የሕክምና ታሪክ ውስጥ እንዴት ቀስ በቀስ ወደ መዝገብ እንደ ገባ ማስረዳትና፣ ከዚያ ታሪክ ለአገራችን የጤና ባለሙያ የሚተርፈውን ትምህርት ማመልከት ነው። ታሪኩ በአጭሩ ሲገለጽ የመዘግየት ታሪክ ነው። ጭስና ጥላሸት ነቀርሳ እንደሚያመጡ ከታወቀ ሁለት ምዕተ ዓመት ተኩል ያህል ሆኖታል። ዕውቀቱ በተገኘበትና መከላከያው በተግባር በዋለበት ጊዜ መካከል ግን በየዘመኑ ረጅም ክፍተት ነበረ። ክፍተቱን በሕይወታቸው የሞሉት ደግሞ ስማቸው በየትም መዝገብ ያልሰፈረ ሠራተኞች ናቸው።

አንድ ጥያቄ

እ.ኤ.አ. በ1700 ጣሊያናዊው ሐኪም ቤርናርዲኖ ራማዚኒ በሠራተኞች በሽታ ላይ የጻፈውን መጽሐፍ በሞዴና አሳተመ። ከሂፖክራተስ ዘመን ጀምሮ ሐኪሞች ታማሚውን ሊጠይቋቸው የሚገቡ ጥያቄዎች ተዘርዝረው ይታወቁ ነበር። ራማዚኒ በእነዚያ ላይ አንድ ጥያቄ ብቻ ጨመረ፤ ይኸውም «ሥራህ ምንድን ነው?» የሚለው ነው። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ይሁን እንጂ በሽታን ከሰውየው አካል ብቻ ሳይሆን ከሚውልበት ቦታ፣ ከሚይዘው መሣሪያና ከሚተነፍሰው አየር ጋር አያይዞ መመርመር የተጀመረው በዚህ ጥያቄ ነው ለማለት ይቻላል።

ከሰባ አምስት ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1775፣ በለንደን የቅዱስ በርተሎሜዎስ ሆስፒታል የቀዶ ጥገና ሐኪም የነበረው ፐርሲቫል ፖት የዚህን ጥያቄ ፍሬ አሳየ። በዚያ ዘመን የእንግሊዝ ቤቶች የከሰል ጭስ ማውጫ ጠባብ በመሆኑ ጥላሸቱን የሚጠርጉት ትናንሽ ልጆች ነበሩ። ልጆቹ በጠባቡ ቀዳዳ እየተሳቡ ይወጣሉ፤ ጥላሸቱም በቆዳቸው እጥፋት ውስጥ ይቀመጣል። ፖት እነዚህ ልጆች ካደጉ በኋላ በቆለጥ ከረጢታቸው ላይ የሚወጣው ቁስል የአባለዘር በሽታ ሳይሆን ነቀርሳ መሆኑን፣ መነሻውም ጥላሸቱ መሆኑን ጻፈ። አንድ የታወቀ የነቀርሳ ዓይነት ከአንድ የታወቀ ሥራ ጋር በግልጽ ሲያያዝ ይህ የመጀመሪያው እንደ ሆነ የሕክምና ታሪክ ጸሐፊዎች ይስማማሉ።

ከዚህ በኋላ የሆነው ነገር ልብ ሊባል ይገባዋል። በእንግሊዝ አገር እ.ኤ.አ. በ1788 የወጣው ሕግ ከስምንት ዓመት በታች ያለ ልጅ ለዚህ ሥራ እንዳይቀጠር ከለከለ። ነገር ግን ተቆጣጣሪ ስላልነበረው ሕጉ በወረቀት ቀረ። ሌሎች ሕጎችም ተከታትለው ወጡ፤ ልጆችን ወደ ጭስ ማውጫ ማስገባት በእርግጥ የቆመው ግን እ.ኤ.አ. በ1875 የጠራጊዎች የሥራ ፈቃድ በፖሊስ ቁጥጥር ሥር ከዋለ ወዲህ ነው። ከፖት ጽሑፍ እስከዚህ ድረስ አንድ መቶ ዓመት አለፈ። በአንጻሩ በዴንማርክ የጠራጊዎች ማኅበር ፖት በጻፈ በጥቂት ዓመታት ውስጥ አባሎቹ በየቀኑ ገላቸውን እንዲታጠቡ መከረ። እ.ኤ.አ. በ1892 ሄንሪ በትሊን የተባለው የእንግሊዝ ሐኪም ይኸው ነቀርሳ በእንግሊዝ የበዛው፣ በሌሎቹ የአውሮፓ አገሮች ግን ያነሰው ስለምን እንደ ሆነ ሲመረምር፣ በእነዚያ አገሮች ያሉ ጠራጊዎች ገላ የሚሸፍን ልብስ ለብሰው እንደሚሠሩና ከሥራ በኋላም እንደሚታጠቡ ተገነዘበ።

በጥላሸቱ ውስጥ ያለው መርዝ በዚያን ጊዜ ገና አልታወቀም ነበር። የጃፓን ተመራማሪዎች ያማጊዋና ኢቺካዋ በጥንቸል ጆሮ ላይ የከሰል ሬንጅ ደጋግመው በመቀባት ነቀርሳ ማብቀላቸውን የገለጡት እ.ኤ.አ. በ1915 ነው። ቤንዞፓይሪን የተባለው ንጥረ ነገር በለንደን ከሬንጅ ተለይቶ የወጣው ደግሞ በ1930ዎቹ ነው። ከዚህም የምንረዳው የመርዙን ስም ሳያውቁ መታጠብ ይቻል እንደ ነበረ ነው። መከላከል የሚጀመረው የመጨረሻው ማስረጃ እስኪገኝ ተጠብቆ አይደለም።

እሳትን የሚጋፈጥ ሙያ

በሃያኛው ምዕተ ዓመት ሁለተኛ አጋማሽ በቤትና በመጋዘን የሚቃጠለው ነገር ባሕርይው ተለወጠ። ቀድሞ የሚነደው እንጨት፣ ጥጥና ሱፍ ነበር፤ በኋላ ግን ፕላስቲክ፣ የስፖንጅ ፍራሽ፣ ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ቀለምና የኤሌክትሪክ ሽቦ ተጨመረ። ጭሱም ከቀድሞው የባሰ የመርዝ ድብልቅ ሆነ። ይሁንና በብዙ አገሮች የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጥላሸት የጠጣ ልብሱንና የጠቆረ የራስ ቁሩን እንደ ጀግንነት ምልክት ይቆጥረው ነበር። ልብሱን ሳያጥብ ሰቅሎት ይተኛል፤ በማግሥቱም ያንኑ ይለብሳል።

ጉዳዩ በቁጥር መታየት የጀመረው ዘግይቶ ነው። ዓለም አቀፍ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተመው ግምገማ የእሳት አደጋ ሥራን «ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚባሉት ተራ መደበው፤ ይህም በማስረጃ ጥንካሬ ዝቅ ያለ መደብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ተመራማሪዎች በሳንፍራንሲስኮ፣ በሺካጎና በፊላደልፊያ ያገለገሉ 29,993 የእሳት አደጋ ሠራተኞችን የሕይወትና የሞት መዝገብ አጥንተው ውጤቱን አሳወቁ። በእነዚህ ሠራተኞች መካከል በካንሰር የመያዝ መጠን ከጠቅላላው ሕዝብ በ9 በመቶ፣ በካንሰር የመሞት መጠን ደግሞ በ14 በመቶ በልጦ ተገኘ። ጥናቱ ወደ ኋላ እስከ 1950 ድረስ ሊሄድ የቻለው ማን፣ መቼ፣ በየትኛው ጣቢያ እንዳገለገለ የሚናገር መዝገብ ስለ ነበረ ነው።

በሰኔ ወር 2022 (እ.ኤ.አ.) ከስምንት አገሮች የተውጣጡ 25 ሊቃውንት በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ ተሰብስበው ነገሩን እንደገና መረመሩ። በዚህ ጊዜ የእሳት አደጋ ሥራ በሰው ላይ ካንሰር እንደሚያመጣ በተረጋገጠው በአንደኛው መደብ ገባ። በቂ ማስረጃ የተገኘው ለሁለት ዓይነት ነቀርሳዎች ነው፤ አንዱ የሳንባን ሽፋን የሚያጠቃውና ከአስቤስቶስ ጋር የሚያያዘው ሜሶቴሊዮማ፣ ሁለተኛው የሽንት ፊኛ ነቀርሳ ነው። ለትልቁ አንጀት፣ ለፕሮስቴት፣ ለቆለጥ፣ ሜላኖማ ለተባለው የቆዳ ነቀርሳና ለአንዳንድ የሊምፍ ነቀርሳዎች ደግሞ ውስን ማስረጃ እንዳለ ተገለጠ።

መርዙ ወደ ሰውነት የሚገባው በሳንባ ብቻ አይደለም። በሙቀትና በላብ የተከፈተ ቆዳ፣ በተለይም የአንገትና የብሽሽት ቆዳ፣ ጥላሸቱን ይመጣል። ነበልባሉ ከጠፋ በኋላ ፍም ለመፈለግ ፍርስራሹ በሚገላበጥበት ሰዓት ሠራተኛው አደጋው ያለፈ መስሎት የመተንፈሻ ጭምብሉን ያወልቃል፤ አመዱና ጋዙ ግን በዚያን ጊዜም አየሩን እንደ ሞሉት ናቸው። በጣቢያው ውስጥ የሚነሣው የመኪና የናፍጣ ጭስም እ.ኤ.አ. በ2012 በዚሁ በአንደኛው መደብ ውስጥ ገብቷል። ስለዚህ ዛሬ ለእሳት አደጋ ሠራተኛ የሚሰጠው ምክር ፍርስራሹ እስኪጸዳ ጭምብል እንዳያወልቅ፣ ከስፍራው ሳይርቅ ልብሱን በውኃና በሳሙና እንዲያለቀልቅ፣ አንገቱን፣ ፊቱንና እጁን ወዲያው እንዲጠርግ፣ ጣቢያ እንደ ደረሰ ገላውን እንዲታጠብ፣ የቆሸሸውን ልብስ ወደ መኝታ ክፍልና ወደ ቤቱ ይዞ እንዳይገባ ነው። የዴንማርክ ጠራጊዎች ማኅበር ምክር ከሁለት ምዕተ ዓመት በላይ ቆይቶ ሌላ ሙያ ውስጥ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

ሕግና ማስረጃ

ነቀርሳ ከሥራ የመጣ መሆኑን ማስረዳት ከባድ ነው፤ በሽታው ከተጋላጭነቱ በኋላ ሃያና ሠላሳ ዓመት ተደብቆ ሊቆይ ይችላልና። ሠራተኛው ጡረታ ወጥቶ ሲታመም የትኛው ቃጠሎ እንደ ጎዳው ሊያመለክት አይችልም። ይህን በመረዳት የካናዳዋ የማኒቶባ ክፍለ ሀገር እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጣችው ሕግ የተወሰኑ የነቀርሳ ዓይነቶች በእሳት አደጋ ሠራተኛ ላይ ሲታዩ ከሥራው የመጡ ናቸው ተብሎ እንዲገመት ወሰነች። ተቃራኒውን የማስረዳት ሸክም ወደ ሌላው ወገን ተሻገረ። ሌሎች ክፍላተ ሀገሮችም ይህን አርአያ ተከተሉ።

በአገራችንም የዚህ አስተሳሰብ ሥር አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 377 እና በ2011 ዓ.ም. የተተካበት አዋጅ ቁጥር 1156 በሥራ ምክንያት የሚመጣ በሽታን ተርጉመዋል። በሰንጠረዥ ከተዘረዘሩት በሽታዎች አንዱ በተጠቀሰው ሥራ ላይ በተሰማራ ሠራተኛ ላይ ከታየ፣ ይኸው ራሱ በሽታው ከሥራ ለመምጣቱ በቂ ማስረጃ እንደሚሆን ይደነግጋሉ። በእርግጥ በመንግሥት ሠራተኝነት የሚያገለግሉ የእሳት አደጋ ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ ሕግ ነው። በክምር ላይ የነደደን እሳት የሚያጠፋው ገበሬ ደግሞ በየትኛውም የቅጥር ሕግ ውስጥ አይገኝም።

በአገራችን እሳትን የሚጋፈጠው ሰው በሁለት ወገን ይከፈላል። አንደኛው የከተማው ባለሙያ ነው። ጥቅምት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. ምሽት በአዲስ አበባ መርካቶ ሸማ ተራ የተነሣው ቃጠሎ የከተማው ባለሙያ ጨርቅና ሸቀጥ በታጨቀበት፣ መግቢያው በጠበበ ስፍራ ምን ያህል እንደሚፈተን አሳይቷል። ሁለተኛው ሙያው ያልሆነውና የእሳት አደጋ ሠራተኛ ተብሎ የማይጠራው ሕዝብ ነው። በ2011 ዓ.ም. በስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ እሳት በተነሣ ጊዜ ከእስራኤል ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረድተዋል። ከእነርሱ በፊት በገደሉ ላይ ቅጠልና አፈር ይዞ እሳቱን የተጋፈጠው ግን የአካባቢው ነዋሪ ነው።

በዋጃ ዙሪያ ጭሱን የሚስበው ማን ነው?

እውነቱን ለመናገር፣ በዓመት አንድ ቀን ክምር ያጠፋ ገበሬ ሃያ ዓመት በሙያው ካገለገለ የእሳት አደጋ ሠራተኛ ጋር በተጋላጭነት አይስተካከልም። የነቀርሳ አደጋ በመጠንና በጊዜ ርዝመት የሚወሰን ነው። በዚህ ሚዛን ስንመዝን በራያ ሜዳ ከጭስ ጋር ረጅም ዕድሜ የምታሳልፈው በምጣድ ፊት የምትቀመጠው ሴት ሆና እናገኛታለን። ከልጅነቷ ጀምራ አገዳ፣ ኩበትና እንጨት እያነደደች እንጀራ ትጋግራለች፤ ወጥ ትሠራለች። ብዙ ጊዜም ልጅ በጀርባዋ አዝላለች። ያው የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በቤት ውስጥ የሚነድ የድንጋይ ከሰልን ጭስ በተረጋገጠው መደብ፣ የእንጨትና የመሳሰለውን ማገዶ ጭስ ደግሞ «በአመዛኙ ካንሰር ያመጣል» ከሚባለው ተራ አስገብቶታል። የዓለም ጤና ድርጅት በቤት ውስጥ የአየር ብክለት ምክንያት በ2020 (እ.ኤ.አ.) ብቻ 3.2 ሚሊዮን ሰዎች እንደ ሞቱ ይገምታል። ከሞቱት አብዛኞቹ የተቀጠፉት በልብና በሳንባ በሽታ ሲሆን የሳንባ ነቀርሳ ዕጢም ከምክንያቶቹ አንዱ ነው።

በ1980ዎቹ ዓ.ም. በአገራችን የኢነርጂ ባለሙያዎች የተሠራው «ምርጥ» የተባለው የእንጀራ መጋገሪያ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር የማገዶውን ፍጆታ እስከ ግማሽ እንደሚቀንስ ታውቋል። የመጀመሪያ ግቡ ደንን ማዳን ነበር። ሆኖም አነስተኛ ማገዶ ማለት አነስተኛ ጭስ ማለት ስለ ሆነ፣ ምድጃውን የጤና ባለሙያም እንደ መከላከያ መሣሪያ ሊመለከተው ይገባል።

እዚህ ላይ የቋንቋ ነገር መነሣት አለበት። በአማርኛ «ነቀርሳ» የሚለው ቃል ለካንሰር የቆየ መጠሪያ ሲሆን «የሳንባ ነቀርሳ» ሲባል ግን ሕዝቡ የሚረዳው ቲቢን ነው። የሚያስል፣ የሚከሳ፣ ደም የሚተፋ ታማሚ ሲመጣ ሁለቱ በሽታዎች በቃልም በምልክትም ይደባለቃሉ። አክታው ቲቢ አላሳየም፣ በመድኃኒትም አልተሻለውም የተባለ ታማሚ ስለ ሥራው፣ ስለ ማገዶው፣ ስለ ትምባሆ ልማዱ ሳይጠየቅ ወራት ካለፉ፣ የሚጠፋው ጊዜ የሚተካ አይደለም።

ስለ ቅድመ ምርመራ

በዓለም ላይ የቅድመ ምርመራ ሕግጋት የሚባሉት እ.ኤ.አ. በ1968 ዊልሰንና ዩንግነር ለዓለም ጤና ድርጅት ባዘጋጁት ጽሑፍ ተዘርዝረዋል። ከአሥሩ መመዘኛዎች መካከል በሽታው ምልክት ሳያሳይ የሚቆይበት ጊዜ መኖሩ፣ ሕዝቡ የሚቀበለው ምርመራ መገኘቱና፣ ከሁሉም በላይ፣ ለተገኘው በሽታ ሕክምና መዘጋጀቱ ይገኙባቸዋል። ማከሚያ ሳይኖር በሽታን ፈልጎ ማግኘት ለታማሚው ጭንቀት ማትረፍ ነው።

በዚህ መለኪያ የአገራችን መንገድ ረጅም ነበር። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል የጨረር ሕክምና የተጀመረው በ1990 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ለሁለት አሥርት ዓመታት ያህል ለመላ አገሪቱ ብቸኛው ማእከል ነበር። የአዲስ አበባ የካንሰር መዝገብ እ.ኤ.አ. በ2011 ሥራ ጀመረ። ከመዝገቡም በሴቶች ላይ የጡት ነቀርሳ ቀዳሚ፣ የማኅፀን በር ነቀርሳ ሁለተኛ መሆኑ ታወቀ። ዓለም አቀፉ ግምት በ2020 (እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከ77 ሺህ በላይ አዲስ ታማሚዎች እንደ ነበሩ ያመለክታል። አሴቲክ አሲድ ቀብቶ የማኅፀንን በር በዓይን የማየት ምርመራ ከ2002 ዓ.ም. አካባቢ ጀምሮ ወደ ጤና ተቋሞች ገባ፤ ጥቅሙም ነርስና አዋላጅ ሊሠሩት መቻላቸው፣ ችግር ከተገኘም በዚያው ቀን በማቀዝቀዝ ማከም መቻሉ ነው። በ2011 ዓ.ም. ደግሞ ለ14 ዓመት ልጃገረዶች የኤች.ፒ.ቪ. ክትባት በአገር አቀፍ ደረጃ ተጀመረ። ይህ ዕድል በልጅነቷ ላመለጣት እናት ግን የሚቀረው መከላከያ ምርመራው ነው።

ከዋጃ ተነሥቶ በቆቦ፣ በወልዲያና በደሴ አድርጎ አዲስ አበባ ለመድረስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ መጓዝ ያስፈልጋል። ለገበሬ ቤተሰብ ይህ በሬ የሚያሸጥ ጉዞ ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ቅድመ ምርመራ የሚመረጠው ቅርብ በሆነ ተቋም ሊሠራና ወደ ሕክምና ሊያደርስ በሚችል መጠን ነው። ለእሳት አደጋ ሠራተኛም ቢሆን፣ ለሽንት ፊኛ ነቀርሳ ምልክት በሌለው ሰው ላይ በስፋት እንዲሠራ የተስማሙበት ምርመራ የለም። ደም የቀላቀለ ሽንት ሕመም ባይኖረውም እንኳ ችላ እንዳይባል ማስተማር ግን ገንዘብ አይጠይቅም። በቆላ አገር ቢልሃርዝያም ሽንትን ደም ሊያስመስል ስለሚችል፣ ሐኪሙ አንዱን ሲያክም ሌላውን መርሳት የለበትም።

ለሙያ ባልደረቦች የሚቀረው ሥራ

ከላይ የተተረከው ታሪክ ለጤና ባለሙያው ሦስት ተግባሮችን ያስተላልፋል። አንደኛው የራማዚኒን ጥያቄ ወደ ካርዱ መመለስ ነው። «ገበሬ» ወይም «የቤት እመቤት» ብሎ ጽፎ ማለፍ አይበቃም። ምን ትነድጃለሽ? ምድጃሽ ጭስ ማውጫ አለው ወይ? እሳት ታጠፋለህ ወይ? ስንት ዓመት ሆነህ? የሚሉት ጥያቄዎች አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጁም። ሁለተኛው ቀላሉን ነገር ሳይንቁ ማስተማር ነው። ከቃጠሎ የተመለሰ ሰው ልብሱን ከቤት ውጭ እንዲያወልቅ፣ በውኃና በሳሙና እንዲታጠብ፣ ፕላስቲክና ጎማ እንደ ማገዶ እንዳይነድ፣ ጭስ የለመደ ሳንባ በትምባሆ እንዳይጨመርበት መምከር በየትኛውም ጤና ጣቢያ የሚቻል ነው። ሦስተኛው፣ ዕድሜዋ ከ30 እስከ 49 የሆነችውን ሴት በማንኛውም ምክንያት ወደ ጤና ተቋም በመጣች ጊዜ ስለ ማኅፀን በር ምርመራ ሳይነግሩ አለማሰናበት ነው።

ከእነዚህ ሦስቱ ውስጥ ወጪ የሚጠይቀው የመጨረሻው ብቻ ነው። የቀሩት ሁለቱ የሚሹት ወረቀት፣ ብዕርና ትዕግሥት ነው። የለንደን ጠራጊ ልጆች መቶ ዓመት የጠበቁት ዕውቀት ጠፍቶ አልነበረም፤ ዕውቀቱን ወደ ሥራ የሚለውጥ ተቆጣጣሪና ቆጣሪ ስላልነበራቸው ነው። የአሜሪካ የእሳት አደጋ ሠራተኞች ጉዳት ሊታወቅ የቻለው ከስልሳ ዓመት በፊት አንድ ጸሐፊ የአገልግሎት ዘመናቸውን በጥንቃቄ ስለ መዘገበ ነው። ዛሬ በራያ ሜዳ በሚገኝ አንድ ጤና ጣቢያ በታማሚ ካርድ ላይ «ከልጅነቷ ጀምሮ በአገዳና በኩበት ትጋግራለች» ተብሎ የሚጻፍ አንድ መስመር፣ ከሃያ ዓመት በኋላ ለሚመጣው ሐኪምና ለሚወጣው ሕግ ማስረጃ ይሆናል።